የጋራ ማዕድ በገዳምና በአዳሪ ትምህርት ቤት፦ አዳራሹ ከመሠራቱ በፊት አሠራሩን ስለ መምረጥ

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ብዙ ሰው በአንድ ጣራ ሥር የሚመግቡ ተቋማት ጥቂት አይደሉም። ገዳማት አሉ፤ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የሚያድጉባቸው ቤቶች አሉ፤ ተማሪዎቻቸውን ቁርስና ምሳ አብልተው ማታ ወደየቤታቸው የሚሸኙ ትምህርት ቤቶችም አሉ። እኔ ከእነዚህ በአንዱ፣ ሦስት መቶ ያህል ልጆች በሚመገቡበት አዳሪ ቤት፣ ለዘጠኝ ዓመታት የግምጃ ቤትና የወጥ ቤት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት የመመገቢያ አዳራሽ ለመሥራት ያሰቡ ኮሚቴዎች እየመጡ ልምድ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከአዳራሹ ስፋት፣ ከወለሉ ሴራሚክና ከወንበሩ ብዛት ይጀምራል። መጀመር የነበረበት ግን ከአንድ ሰው ነው፤ እርሱም መጨረሻ ላይ የሚበላው ነው። ወጡ ሲደርሰው ሞቅ ያለ ነው ወይ? ለመጀመሪያው ልጅ እንደወጣው ወፍራም ነው ወይ? ተረጋግቶ የሚበላበት ጊዜስ ተርፎታል ወይ? ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ሰው ነው።

ዛሬ «ማዕድ ቤት» ስንል ወጥ የሚሠራበትን ክፍል ማለታችን ነው። የአበው ቋንቋ ግን የሚበላበትን ቤት ለይቶ «ምርፋቅ» ይለዋል። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ተቋማት ለወጥ ቤቱ ባለሙያ ሲቀጥሩ ምርፋቁን ያለ ኃላፊ ይተዉታል። በገዳም ግን መጋቢ የሚባል ሹም አለ፤ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ከተመጋቢው እጅ እስኪደርስ ድረስ ተጠያቂው እርሱ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የተማሪዎች ምገባን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በስፋት ሲጀምር ምግቡን እንዲያዘጋጁና እንዲያቀርቡ የተሰማሩት ሴቶች «መጋቢ እናቶች» መባላቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ስሙ ከነኃላፊነቱ ቢወሰድ ደግሞ የበለጠ ያስደስተኝ ነበር።

ገዳማትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የአንድነት ገዳም በሚባለው ሥራውም ምግቡም የጋራ ነው፤ የቁሪት ገዳም በሚባለው ደግሞ መነኩሴው በየበዓቱ፣ ማለትም ለብቻው በሚኖርባት ማደሪያው፣ የራሱን ያበስላል፣ የራሱን ይበላል። ስለዚህ «የገዳም አሠራር» ብሎ ከመነሳት በፊት የትኛውን እንደሚሉ መለየት ይገባል። ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው የአንድነቱ ነው። የዚህ ሥርዓት መሠረት በ4ኛው መቶ ዘመን በላይኛው ግብፅ ወደ ጣለው ወደ አባ ጳኩሚስ የሚመለስ ሲሆን፣ ለእርሱ ከተሰጡት ደንቦች መካከል ሁለቱ እስከ ዛሬ ለወጥ ቤት ሰው ትምህርት ይሰጣሉ። አንደኛው እያንዳንዱ መነኩሴ እንደ ጉልበቱ እንዲበላና ሥራውም በሚበላው መጠን እንዲሰጠው የሚያዝዘው ነው። ሁለተኛው ማንም የወንድሙን አበላል እንዳያይ ሲበሉ ራሳቸውን በቆባቸው እንዲሸፍኑ የሚያዝዘው ነው። ልጆችን ቆብ አናለብስም፤ ነገር ግን ብዙ የሚበላ ልጅ የማያፍርበት፣ ጥቂት የሚበላም ትዝብት ላይ የማይወድቅበት አቀማመጥ መፈለግ ይቻላል።

የአቀራረቡ ምርጫ፦ በትሪ፣ በሰልፍ ወይስ በአሳላፊ?

ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው አማራጭ ልጆችን በአንድ ትሪ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። የአገራችን ወግ ነው፤ አብሮ መብላትን ያስተምራል፤ የሚታጠበው ዕቃ ያንሳል፤ እንጀራውም ሳይቆራረጥ ይቀርባል። እኛም የጀመርነው በዚህ ነበር፤ ለስድስት ልጅ አንድ ትሪ። አንድ ቀን ከአንድ ትሪ ጀርባ ቆሜ እጆቹን ብቻ ማየት ጀመርኩ። አራቱ ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል ነበሩ፤ እጃቸው ከመሐል ሽሮው ወዳለበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ግን እንጀራውን ከጠርዙ ትቆርሳለች፣ ታጣጥፈዋለች፣ ወደ መሐል ስትዘረጋው ቦታው ተይዟል፤ መልሳ ደረቁን ትጎርሰዋለች። ትሪው ሲነሳ ከእርሷ ፊት የቀረው እንጀራ ነጭ ነበር፤ ወጥ አልነካውም። «ጠገብሽ?» አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ወር ሙሉ ክብደቷ ያልጨመረበትን ምክንያት ነርሷ ስትፈልግ የነበረው በሕመም በኩል ነበር። መልሱ ያለው ግን ትሪው ላይ ነበር።

ይህን ያየሁ ቢሆንም ትሪን ጨርሶ አልጥለውም። በአራት ሁኔታዎች ይሠራል፦ ዕድሜያቸው የተቀራረበ ልጆች ሲቀመጡ፣ ቁጥራቸው ከአራት ሳይበልጥ፣ ወጡ በመሐል በአንድ ቦታ ከሚፈስ ይልቅ በእያንዳንዱ ልጅ ፊት ለየብቻ ሲጨለፍ፣ በየትሪው ወይም በየሁለት ትሪው አንድ ትልቅ ሰው ሲኖር። አንዱ ሲጎድል የሚጎዳው ትንሹ ነው። በተጨማሪም በ2008 ዓ.ም. አተት በከተማዋ በተከሰተበት ጊዜ እንደታየው፣ ተቅማጥ በሚዛመትበት ወቅት የጋራ ትሪ ወዲያው መቆም አለበት። ስለዚህ ትሪን የመረጠ ተቋምም ቢሆን ለሁሉም የሚበቃ የግል ሳህን በግምጃ ቤት ማኖር ይኖርበታል።

ሁለተኛው አማራጭ ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሳህኑን ይዞ ይመጣል፣ ይጨለፍለታል፣ ሄዶ ይቀመጣል። የዩኒቨርሲቲ «ካፌ» ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ልኩ የታወቀ ነው፤ ሒሳቡም ለመቆጣጠር ይመቻል። ጉድለቱ በድስቱና በሰዓቱ ላይ ነው። የምስር ወይም የሽሮ ወጥ በትልቅ ድስት ሲቀመጥ ወፍራሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ አሳላፊዋ ከላይ ከላይ ከጨለፈች የመጀመሪያዎቹ ውኃ ይደርሳቸዋል፣ ወደ መጨረሻ የሚመጡት ደግሞ የተቃጠለውን የድስት ታች። ከዚህ በላይ የሚከፋው መጠኑ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እጅ ይለግሳል፣ ድስቱ ሲጎድል እጅ ይሰስታል፤ በዚህም የመጨረሻው ልጅ የሚያገኘው ሌሎቹ ያገኙትን ሳይሆን የተረፈውን ይሆናል። ሰዓቱን በተመለከተ፣ እኛ ደጋግመን እንደለካነው አንዲት አሳላፊ በደቂቃ ሰባት ልጅ ያህል ታስተናግዳለች። ለሦስት መቶ ልጅ ይህ ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው። የምሳ ዕረፍቱ አንድ ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው ልጅ ሳህኑን የሚይዘው ደወሉ ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ በሱሉልታ ነፋስ ደግሞ ያን ጊዜ ወጡ ቀዝቅዟል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚጎድለው ግን የሚያዘወትረው ሰው ነው። ሁለት ሰልፍ ከሁለት ድስት ማድረግ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ጭልፋው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ምግብ ከመጀመሩ በፊትም ስንት ጭልፋ ለስንት ሰው እንደሚደርስ በውኃ ተለክቶ ሊታወቅ ይገባል። አሳላፊዋ በየአሥሩ ልጅ ድስቱን ከታች ድረስ ታማስላለች። ሰልፉ ሁልጊዜ ከአንድ ክፍል እንዳይጀምር በየሳምንቱ ይዟዟራል፤ ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ግን ሁልጊዜ ቀድመው ይበላሉ። ድስቱ ክዳን ይኖረዋል፤ ከሥሩም ፍም አይለየውም። የበሰለ ምግብ ለአገልግሎት ሲቀመጥ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሞቅ አለበት፤ ከዚያ በታች ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ለጀርም መራቢያ ይሆናል። ይህንን ሁሉ መጠበቅ የሚችል ቤት በሰልፍ ያለ ችግር ይመግባል።

ሦስተኛው የገዳሙ ነው፤ ሁሉም ይቀመጣል፣ ተረኞች ያሳልፋሉ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የሴቶች ገዳም ይህን በቅርብ ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ቃጭል ተመታ፤ እናቶችም ሴት ልጆቹም ገብተው በአግዳሚው ላይ በቦታ በቦታቸው ተቀመጡ። ጸሎተ ማዕድ ደረሰ፤ አንዲት ልጅ ቆማ የዕለቱን ስንክሳር ማንበብ ጀመረች። ሦስት ተረኞች ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ከበሩ ተነሥተው ወደ ውስጥ ሄዱ፤ አንዷ እንጀራ፣ ሁለተኛዋ ወጥ፣ ሦስተኛዋ ውኃ ይዛለች። ፊቱ የተሞላለት ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። መጋቢቷ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ረድፎቹን በዓይኗ ትቆጥራለች፤ የመጨረሻው ረድፍ የመጨረሻው ሳህን ሲሞላ ብቻ ባረከችና ሁሉም አንድ ላይ ቆረሱ። በሰዓቴ ያየሁት አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር፤ ተመጋቢዎቹ ወደ ዘጠና ይጠጋሉ። እዚያ መጨረሻ የሚባል ሰው አልነበረም።

የዚህ አሠራር ድካም አሳላፊው ላይ ነው። ተርቦ ሌላውን የሚያሳልፍ ሰው እጁ ይቸኩላል፣ ፊቱም ይጠቁራል። በምዕራቡ ዓለም በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቅዱስ በነዲክቶስ ደንብ ይህንን አስቀድሞ አይቷል፤ የወጥ ቤት አገልግሎት ከታመመ ሰውና ከባድ ኃላፊነት ካለበት በቀር ለሁሉም በሳምንት ተራ የሚደርስ ሲሆን፣ ተረኞቹ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ከመደበኛው ድርሻ በላይ ጥቂት እንጀራና መጠጥ እንዲቀምሱ ያዝዛል፤ ሳያጉረመርሙ እንዲያገለግሉ ነው። እኛም ከአራተኛ ክፍል በላይ ያሉትን በሳምንት ተረኛ ስናደርግ ለተረኞቹ አስቀድመን አንድ አንድ ዳቦና ሻይ መስጠት ጀመርን፤ ከዚያ ወዲህ ተረኛ ልጅ ከመንገድ ላይ ወጥ ቀመሰ የሚል ክስ አልደረሰኝም።

ዓይነ ስውር ወይም እንቅስቃሴው የተገደበ ልጅ ባለበት ቤት ምርጫው ከሞላ ጎደል የተወሰነ ነው። ሰበታ ነባር የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች በአካባቢያችን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ዓይነ ስውር ልጆች በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ጋር ይማራሉ። የሚፋጅ ሳህን ይዞ በተጨናነቀ ሰልፍ መሐል መሄድ ለእነርሱ አደጋ ነው። ቦታቸው ቋሚ ሆኖ፣ ምግቡ ወደ እነርሱ መጥቶ፣ አሳላፊው «ወጡ በቀኝህ፣ ውኃው በግራህ» ብሎ ቢነግራቸው ሌላ ረዳት አያስፈልጋቸውም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ተመጋቢው ከመቶ ሃምሳ የማይበልጥ ከሆነ የአሳላፊውን አሠራር ምረጡ። ከዚያ በላይ ከሆነና አሳላፊ የሚሆን ሰው ካነሰ ሁለት ሰልፍ ሥሩ፤ ነገር ግን ትንንሾቹን ከሰልፉ አውጥታችሁ በአሳላፊ አብሏቸው። ትሪን ለበዓል ቀንና ለጥቂት ሰው ቤት አቆዩት። እኛ ዛሬ የምንሠራው በዚህ ድብልቅ ነው።

አንድ ጊዜ ወይስ በዙር?

ለሁሉም የሚበቃ አዳራሽ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለአንድ ተመጋቢ መተላለፊያውን ጨምሮ ቢያንስ 1 ሜትር ካሬ ያህል ያስፈልጋል። በዙር መብላት ይህን በግማሽ ያቀልላል። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ታላቁ አዳራሽም ግብር ሲበላ እንግዳው በማዕረጉ እየተከፈለ በዙር ይገባ ነበር፤ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ በኋላ ሠራዊቱ። ትምህርት ቤት ዙርን ሲወስድ መጠንቀቅ ያለበት ይህንን ማዕረግ አብሮ እንዳይወስድ ነው። መምህራን በመጀመሪያው ዙር፣ ልጆች በሁለተኛው የሚበሉበት ቤት አይቻለሁ፤ ለሁለተኛው ዙር የሚቀርበው ወጥ ላይ ውኃ ሲጨመርም አይቻለሁ። ለየዙሩ የተለየ ድስት ሊኖር ይገባል፤ በሁለቱ ዙሮች መካከልም ጠረጴዛ የሚወለወልበት አሥር ደቂቃ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ሁለት ዙር ይቻላል። ሦስት ዙርን ግን አልመክርም፤ ሦስተኛው ዙር በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይወድቃል፣ የመጨረሻው ልጅም ከምግቡና ከትምህርቱ አንዱን ያጣል።

እንጀራውን መጋገር ወይስ መግዛት?

ሒሳቡን ከምጣዱ እንጀምር። አንድ እንጀራ ከምጣድ እስኪወጣ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ፣ አንድ ምጣድ በሰዓት ሃያ እንጀራ ይሰጣል። ለሦስት መቶ ልጅ አንድ አንድ እንጀራ ለማድረስ ሦስት ምጣድ አምስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ይጋግራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ሦስቱ በአንድ ላይ እስከ 12 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ፤ ይህም ለመኖሪያ ቤት ከተዘረጋ መስመር በላይ ስለሆነ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ማስገባት ግድ ይሆናል። በከተማው ዳርቻ ደግሞ መብራት ይቆራረጣል። ሊጡ አብሲት ገብቶበት ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ በራሱ የሚጋግር ተቋም ቢያንስ ሁለት የእንጨት ምጣድ በተጠባባቂነት ሊኖረው ይገባል፤ እነርሱም በሦስት ጉልቻ ሳይሆን «ምርጥ ምድጃ» በሚባለው በተዘጋው ምድጃ ላይ ቢቀመጡ እንጨቱ ወደ ግማሽ ይቀንሳል፣ የጋጋሪዋም ዓይን ይድናል።

መግዛት ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። ትልልቅ አቅራቢዎችም መጥተዋል፤ በእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶች የሚሠሩበት የለሚ እንጀራ ፋብሪካ አንዱ ነው። ነገር ግን እንጀራ ከመንደር ጋጋሪ በጅምላ የሚገዛ ከሆነ ስለ ጤፉ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ ተብሎ የከተማው ሰው የደነገጠበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እኛ የምንከተለው መንገድ መካከለኛው ነው፤ ጤፉን ራሳችን ገዝተን፣ አስፈጭተን ለጋጋሪዎች እንሰጣለን፤ የመጋገሪያ ዋጋ ብቻ እንከፍላለን። ጤፉን ስለምናውቀው እንተማመናለን፤ ምጣድና መስመርም አላስገባንም። ተመጋቢው ከመቶ ለማይበልጥ ቤት፣ በተለይም የሰው ጉልበት ላለው ገዳም፣ በራስ መጋገር ይሻላል። ለሌላው ይህን መካከለኛ መንገድ እመክራለሁ። ተረከቡ ስትባሉ ግን ቆጥራችሁ ብቻ አትረከቡ፤ ስፋቱንም ለኩ፤ እንጀራው በጠበበ ቁጥር የሚጎድለው ከልጁ ነው።

እህሉን ከፍታው ይወስነዋል

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው ስለማያስበው ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ከ92 ብዙም ባልራቀ ሙቀት ነው። ቆላ ላይ በአንድ ሰዓት የሚበስል ባቄላ እዚህ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ምስርና የተከካ አተር ብዙም አይቸገሩም፤ ሽሮም አይቸገርም። ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ግን ሌሊቱን መዘፍዘፍ አለባቸው።

አንድ ዓመት ከአንድ ለጋሽ ቀይ ቦሎቄ በኩንታል መጣልን። ክረምት ነበር፤ እንጨቱ ረጥቧል። ማታ መዘፍዘፍ የነበረበት አልተዘፈዘፈም፤ ጠዋት ተጥዶ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ጥርስ ላይ ጠንከር ይል ነበር፤ ቀምሼው ሳለ «ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሰባት ልጆች አስመለሳቸው። ሐኪሙ ያስረዳኝን አልረሳውም፤ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ በውስጡ መርዛማ ነገር ስላለው ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ከአሥር ደቂቃ በላይ እየተንተከተከ መፍላት አለበት፤ ለብ ባለ ውኃ መቆየቱ ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አያጠፋውም። ልጆቹ በማግስቱ ዳኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነገ እህል ማታ መዘፍዘፉን የሚያረጋግጥ ሰው ስሙን በመዝገብ ላይ ይፈርማል። የግፊት ድስት መግዛት የሚችል ቤት ይግዛ፤ እንጨትም ጊዜም ይቆጥባል። የማይችል ግን የሳምንቱን ዝርዝር በምስር፣ በክክና በሽሮ ላይ ይመሥርት።

ጾምና የተለያየ ሃይማኖት

በገዳም ጥያቄው የለም፤ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ልጆች በሚኖሩበት ቤት ግን ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ሁለት ወጥ ቤት ማቆም ነው፤ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ሥጋ የሚያቀርብ ቤት ከዚህ አያመልጥም፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። ሁለተኛው ሥጋውን ትቶ እንቁላልና ወተት ማቅረብ ነው። ሦስተኛው ሁሌም የጾም ምግብ መሥራት ነው። በሕንድ አምሪትሳር በሚገኘው የሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ በየቀኑ አሥር ሺዎች በነጻ የሚመገቡት መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው ሲሆን ምግቡ ሥጋ የሌለበት ነው፤ ምክንያቱም ማንኛውም እምነት ያለው ሰው አብሮ እንዲበላው ነው። ሐሳቡ ለእኛም ይመቻል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት አንድ ድስት ለሁሉም ይበቃል።

ይሁን እንጂ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ መስጠትን አልቀበልም። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋፅኦ ካልሆነ በቀር በበቂ አይገኝም። ስለዚህ የምመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ዋናው ድስት ሁልጊዜ የጾም ይሁን፣ በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ለብቻው ይጨመር። የሚጾም ልጅ ይተወዋል፣ የማይጾም ይወስደዋል፤ ድስቱ ግን አይለያይም። በእርግጥ የጿሚውን ልጅ ሰዓት ማክበርም የማዕዱ አካል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ልጅ ድርሻው ተከድኖ ሊቀመጥለት፣ በረመዳን የሚጾም ልጅም ማታ የሚያፈጥርበትና ሌሊት የሚበላው ተለይቶ ሊዘጋጅለት ይገባል። እነዚህ ልጆች በዚያ ዕለት የመጨረሻዎቹ ተመጋቢዎች ናቸው፤ ድርሻቸው ወጥ ቤቱ ከመታጠቡ በፊት በስማቸው ተለይቶ ካልተቀመጠ ይረሳል።

ውኃ፣ መቀመጫና የተረፈው

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ የአዳራሹን በጀት ከመጨረስ በፊት ሮቶውን መግዛት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ትምህርት ቤት በሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለአዳሪ ደግሞ 20 ሊትር ያስቀምጣል፤ ለሦስት መቶ አዳሪ ይህ በቀን 6,000 ሊትር ነው። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ለሚመጣበት ሰፈር ማጠራቀሚያውን በዚሁ ልክ ማባዛት ነው። የእጅ መታጠቢያ ቧንቧው ከአዳራሹ በር ውጭ፣ በሚገቡበት መንገድ ላይ ይሁን፤ ከውስጥ ጥግ ላይ ሲሆን ልጆች ሳይታጠቡ ይቀመጣሉ።

ስለ መቀመጫ ብዙ የምለው የለኝም። ረጅም ጠረጴዛና አግዳሚ ከነጠላ ወንበር ይረክሳል፣ ይጠነክራል፣ ለመጥረግም ይመቻል። ለአንድ ልጅ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ለአዋቂ 60 ይበቃል። የትንንሾቹ አግዳሚ ዝቅ ይበል፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ደኅና አይበላም።

የተረፈ ምግብን በተመለከተ፣ ሳህን ላይ ደርሶ የተመለሰና ወደ ገበታ ያልወጣ እንዳይቀላቀሉ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አኑሩ። የመጀመሪያው ለከብት ወይም ለባዮጋዝ ይውላል። ያልተነካው እንጀራ ግን በዚያው ዕለት በሰፌድ ላይ ተቆራርጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ድርቆሽ ሆኖ ለሳምንቱ መጨረሻ ቁርስ ይደርሳል። ደመና በበዛበት የክረምት ሳምንት ሻጋታ ስለሚይዘው አታስጡት፤ በማግስቱ ጠዋት ፍርፍር አድርጋችሁ ጨርሱት፤ ሲታደልም ትናንት መጨረሻ ላይ ከበላው ክፍል ጀምሩ።